ከልጄ የደበቅሁት የላቦራቶሪ ወረቀት

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ አሶሳ ውስጥ የማንጎው ዛፍ ሁሉ ፍሬ ባንዠረገገበት ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ብዙ የሚያወራው የለውም፤ እኔም ወሬ አላበዛም። ይህን ግን አልረሳሁትም። ከፍርሃቱ ይልቅ በእነዚያ ሳምንታት ዝም ማለቴ ነው እስካሁን ከተቀመጥኩበት ብድግ የሚያደርገኝ።

የተወለድኩት ምንዲ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ክልሉ አዲስ ሲቋቋም ከባለቤቴ ጋር አሶሳ መጣን። እሱ መሬት ቀያሽ ነበር፤ እኔ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ቢሮው መደርደሪያ ስላልነበረው ፋይሉን የምናስቀምጠው ከቀርከሃ በተሠራ ቆጥ ላይ ነበር። አንዲት ልጃችንን ለሊሴን የወለድናት እዚሁ ነው።

ባለቤቴ በኩላሊት በሽታ ሞተ። ለሊሴ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከአባቷ ጋር ተቀመጠች፤ ለኩላሊት እጥበት እሷ ነበረች የምታመላልሰው። እኔ ሥራዬን መልቀቅ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እሱ ካረፈ በኋላ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ከእኩዮቿ እጅግ ዘግይታ ጨረሰች። ስለዚህ ነገር አማርራ አታውቅም። እኔም አንስቼባት አላውቅም።

ጡረታ ስወጣ መቀመጥ አበዛሁ። አንድ ቀን ከባጃጅ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና መንገድ ላይ ዘጭ አልኩ። ሹፌሩ ሊያነሣኝ ሲመጣ፣ «ተወኝ፣ ራሴ እነሣለሁ» አልኩት። አልቻልኩም። ሁለት የማላውቃቸው ወንዶች ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። በዚያው ሳምንት ሐዋ ወደምታሠራበት ሜዳ ሄድኩ።

ሐዋ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህርት ናት፤ የአሶሳ ልጅ። ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር በሰፈራችን ሜዳ ላይ ሴቶችን በነፃ ታሠራለች። አሠራሯ እንደ ሌላው አይደለም። ፊሽካ ስትነፋ ከሜዳው ጫፍ ወደ ውሃው ታንከር የሚያወጣውን ዳገት ባለን ኃይል ሁሉ እንወጣለን። ሁለተኛ ስትነፋ በዝግታ እየተራመድን፣ ትንፋሻችንን እየሰበሰብን እንወርዳለን። እንደገና ፊሽካ። እንደገና ዳገት። «አጭር ጊዜ፣ ሙሉ ኃይል» ትላለች። ረጅም ሰዓት ከመጓዝ ይልቅ እንዲህ እየፈጠኑና እየቀዘቀዙ መሥራት ልብንም ጡንቻንም ይቀሰቅሳል ባይ ናት።

በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ዳገት ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ ዶሮዋ ቀደመችዎት» አለችኝ።

ውሸቷን አልነበረም። የጎረቤት ዶሮ ጫጩቶቿን ይዛ አጠገቤ አልፋ ወጣች። ሴቶቹ ሳቁ። በማግሥቱም ሄድኩ።

ሁለት ወር ገደማ ከሠራሁ በኋላ ሐዋ አንድ ነጭ ዱቄት ሰጠችኝ። ክሬቲን ይባላል። ክብደት የሚያነሣ ወንድሟ ነው የሚልክላት። «ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር ነው እማማ። ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ጡንቻ ያበረታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ላሉም ይጠቅማል ይላሉ። ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ ውሃም ያብዙ።»

እሺ አልኳት። ውሃውን አበዛሁ፤ ሐኪሙን ግን አላማከርኩም። በስተርጅና ሩጫ ጀምሬአለሁና ዱቄት ልጠጣ ወይ ብሎ መጠየቅ አሳፈረኝ። ለለሊሴም «ጠዋት ጠዋት እንሸራሸራለን» ብቻ ነበር ያልኳት።

ዱቄቱ ጣዕም የለውም። ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ የሃይላንድ ጠርሙሱን እየነቀነቁ መጠጣት ነው። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ እወስድ ነበር። ዱቄቱ ይሁን ዳገቱ አላውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ምንም ሳልደገፍ የተነሣሁበትን እሑድ ግን አስታውሰዋለሁ። ማንም አላየኝም። ለራሴ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። የደም ግፊቴን ለመለካት ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነበር። ጥቂት ከፍ ብሏል አለኝና ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ። ባለቤቴ በምን እንደሞተ ስነግረው፣ «እንግዲያው ከመጡ አይቀር የእርስዎንም ኩላሊት እንይ» አለኝ።

ደሜ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ኩላሊት አጣርቶ ማስወጣት ያለበት ነገር በደሜ ውስጥ ከልክ በላይ ተገኝቷል።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩት። መድኃኒት አልወስድም ነበር።

«ሁለት ሳምንት ቆይተን እንደግመዋለን። አይጨነቁ።»

ይህን «አይጨነቁ» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ለባለቤቴም የተባለው እሱ ነው።

ቤት ስደርስ ለሊሴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። ግልገል በለስ የመምህርነት ሥራ አግኝታለች፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ጀምሪ ተብላለች። አመልክታ ጠብቃ፣ ሌሎች ሲያልፉ እሷ ስትቀር፣ በስንት ዓመቷ ያገኘችው ነው። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ሳምኳት። ከዚያ ጓዳ ገባሁና ወረቀቱን በጡረታ ፋይሌ ውስጥ፣ በቀኑ ቅደም ተከተል፣ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። የመዝገብ ቤት ልማድ ነው። ለሊሴ ያን ፋይል እንደማትከፍት አውቅ ነበር።

ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ብነግራት ትቀራለች። አንድ ቀን እንኳ አታመነታም። ሻንጣዋን መልሳ ትፈታና ዳግመኛ በሆስፒታል አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ እስክትሄድ ድረስ ጤነኛ መምሰል አለብኝ።

ጤነኛ ለመምሰል መጠንከር ያስፈልጋል አልኩ። ዱቄቱን ሁለት ማንኪያ አደረግሁት። ሜዳው ላይ ሐዋ በቃ ስትል እኔ አንድ ዳገት እጨምር ነበር። «እማማ፣ ማን ነው የሚያባርርዎት?» አለችኝ አንድ ጠዋት። ዞሬ ዳገቱን ጀመርኩ።

ቤት ውስጥ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የቁምሳጥኑን ልብስ አውጥቼ መልሼ አስገባሁ። የባለቤቴን የቅየሳ ካርታዎች አንድ በአንድ ዘርግቼ ጠቀለልኩ። ግቢውን ጠርጌ ስጨርስ የማንጎው ቅጠል እንደገና ይረግፋል፤ እንደገና እጠርጋለሁ። ምግብ አቅርቤ ሳልቀመጥ ቆሜ እበላ ነበር።

«ሃርሜ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ ለሊሴ። ሃርሜ በእኛ አገር እማዬ ማለት ነው። «የዚህን ቁምሳጥን ልብስ በዚህ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምታወጪው።»

«ምስጥ እንዳይገባበት ነው።»

«ብረት እኮ ነው።»

«ልብሱ ብረት አይደለም» አልኳት።

 ከዚያ ልብሶቹን አብራኝ ታጥፍ ጀመር።

ለለሊሴ ባልነግራትም ዘይነብን ማታለል አልቻልኩም። ዘይነብ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ የበርታ ሴት፣ በገበያ ውስጥ ባሚያና ቅመም የምትሸጥ። ወደ ሃያ ዓመት ተጎራብተናል። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ትላለች። ከሆስፒታል ስመለስ በአጥር አይታኛለች።

«ኡም ለሊሴ፣ አንተ ሐኪም ቤት ምን ሠራህ?» አለችኝ። የለሊሴ እናት ማለቷ ነው።

«ድካም ነው።»

«ድካም አይደለም። አንተ ደም የለህም። ፊትህ ቢጫ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ የፍየል ሥጋ ሾርባ ይመጣ ጀመር። በክዳን ድስት፣ ሥጋው እስኪፈርስ የተቀቀለ። በእሷ ወገን ለታመመ ሰው የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ካልበላ ደግሞ ሰው ሁሉ ይጠራበታል። ባለቤቴ ሲታመም ሥጋ እንዲቀንስ መታዘዙን አልረሳሁም። ነገር ግን አልበላም ብል ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ በላሁ። እሷ ፊቴ ቆማ ድስቱ ባዶ መሆኑን ሳታይ አትሄድም ነበር።

«አሁን ሰው መሰልክ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ሁለተኛው ምርመራ ጠዋት ላይ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሾርባዬን በልቼ፣ በዕለቱም ሜዳ ሄጄ ዳገቱን ከወትሮው አብልጬ ሠርቼ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ለሊሴ ወዴት እንደወጣሁ እንዳትጠይቀኝ፣ መውጫዬ ያው የሜዳው ሰዓት መሆን ስላለበት ነው።

ውጤቱ ከፊተኛው ብሶ ነበር።

ሐኪሙ በዚህ ጊዜ አይጨነቁ አላለኝም። «አዲስ አበባ ወደ ኩላሊት ሐኪም ልጻፍልዎት» አለ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ለምን ሦስት ሳምንት?»

«ሥራ አለኝ።»

«ጡረታ ነኝ ብለውኝ አልነበረም?»

«ጡረተኛም ሥራ አለው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ልጅ የለዎትም ወይ ሲለኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ ወጣሁ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ብዙ አልጽፍም። ሁለተኛውን ወረቀት ከመጀመሪያው ኋላ አስገባሁ። ስለ እጥበት አሰብኩ፤ ለራሴ እንደማላስደርገው ወሰንኩ። የቤቱን ካርታ በለሊሴ ስም ስለማዞር ጠየቅሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ እግሬ አያርፍም ነበር። መንገድ ላይ ቀስ ብዬ መሄድ እንኳ አልቻልኩም።

ለሊሴ የሄደች ዕለት መናኸሪያ ሸኘኋት። ወደ ግልገል በለስ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ ማደር አለ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት እጄን ያዘችኝ።

«ቅር የሚልሽ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።»

«ምንም የለም።»

«ሃርሜ።»

«ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል» አልኳት።

እጄን ለቀቀች። መኪናው ከወጣ በኋላ ቆሜ አልቀረሁም፤ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግሥቱ ከሜዳ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ሪፈሩን ከመጻፉ በፊት አዲስ ውጤት ይያያዝ ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ላከኝ። ወረፋ ነበር። አግዳሚው ላይ ቦታ ቢኖርም አልተቀመጥኩም፤ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እየሄድኩ እመለስ ነበር። ውሃ ሲጠማኝ ጠርሙሴን ነቅንቄ ጠጣሁ።

ደም የሚወስደው ሰው ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ጫማዬን፣ ከዚያ ጠርሙሱን አየ።

«እማማ፣ ጂም ይገባሉ እንዴ?» አለኝ። ሊቀልድብኝ ነው።

«ጂም አልገባም። ዳገት ነው የምሮጠው።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሱም ሳቀ። ጠርሙሱን እንድሰጠው እጁን ዘረጋና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ከሥሩ ያልሟሟው ዱቄት ተቀምጦ ነበር። ፈገግታው ጠፋ።

«ይህን እኔም እጠጣለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክሬቲን ነው?»

«ነው።»

«በቀን ምን ያህል?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«ዛሬ ጠዋትም ሠርተዋል?»

«አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት።»

«ሥጋስ ይበላሉ?»

ስለ ዘይነብ ሾርባ ነገርኩት። መርፌውን አስቀምጦ ጓንቱን አወለቀ። «ደም አልወስድም። ይምጡ» አለኝ። ወረፋውን ትቶ፣ ጠርሙሴን ራሱ ይዞ፣ ወደ ሐኪሙ ክፍል ወሰደኝ። ሐኪሙ ጠርሙሱንም እኔንም ተራ በተራ አየ።

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«መድኃኒት አይደለም ዶክተር። ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

ሐኪሙ ተነፈሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና በእርጋታ አስረዳኝ። ዱቄቱ ሰውነት ውስጥ ሥራውን ሲጨርስ የሚለወጠው ወደዚያው እነሱ በደም ውስጥ ወደሚለኩት ነገር ነው። የተቀቀለ ሥጋ በብዛት መብላትም ከፍ ያደርገዋል። በኃይል የሠራ ጡንቻም እንዲሁ። እኔ ሦስቱንም በአንድ ላይ፣ በዚያው በምርመራው ዋዜማና ዕለት፣ አድርጌአለሁ። ኩላሊቴ ደህና ነው ብሎ ግን አላረጋገጠልኝም። «ታማሚም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጤነኛም ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ሆነው ግን ማወቅ አይቻልም። ዱቄቱን ያቁሙ፣ ሥጋውን ያቁሙ፣ ሩጫውን ያቁሙ። ሁለት ሳምንት ይረፉና ይምጡ።»

«መራመድስ?»

«በዝግታ ከሆነ።»

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። ለዘይነብ ሾርባው ይብቃ ስላት ተቀየመች። ምክንያቱን ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አፌን መክፈቴ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «አንተ ይህን ሁሉ ብቻህን ያዝህ?» አለች። ከዚያ ሄዳ ባሚያ በገንፎ ይዛ መጣች። ሥጋ አልነበረበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደምም የሽንትም ምርመራ ተደረገልኝ። ሁሉም በልኩ ነበር። ሐኪሙ ሪፈሩን አልጻፈም። ያ የላቦራቶሪ ሰው በመስኮት እያየ ነበር፤ «ዳገቱን ይቀጥሉ እማማ» አለኝ። አመሰገንኩት። ከዚህ በላይ ማለት ነበረብኝ፤ አላወቅሁበትም።

በዚያው ቀን ለለሊሴ ደወልኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነው። ነገሩ ሁሉ አልፏል፣ ውጤቱ ደህና ነው፣ አንቺም ሥራሽን ይዘሻል ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ።» አለችኝ። «አባዬም እንዲህ ነበር ያደረገው። እግሩ ያብጥ እንደነበር ያውቅ ነበር። ፈተናዬን እስክጨርስ ብሎ ነው የደበቀው። አዲስ አበባ ሳለን ነገረኝ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ዘግይቶ ታወቀ ነበር የምለው፤ ለሰውም እንዲያ ነበር የማወራው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺም ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ቶሎ ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት ሦስት ዓመት አልቀመጥም ነበር። እሱም ምናልባት ይኖር ነበር። ለእኔ ብላችሁ ነው ሁልጊዜ። እኔን ግን አንድም ቀን አትጠይቁኝም።»

 ሥራ እንዴት ነው አልኳት፤ ደህና ነው አለችኝ። ስልኩን ዘጋን።

ሳምንት ያህል አልደወለችልኝም። ከዚያ ደወለች፤ እንደ ድሮው አወራን። ጉዳዩን አላነሣችውም።

ዛሬም ወደ ሜዳው እሄዳለሁ። ዱቄቱን ትቼዋለሁ፤ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፣ ሐዋ እየወሰደች ነው፤ ከእኔ ጋር ያለው ታሪክ በቅቶኝ ነው። ኩላሊቴ ዳነ ብዬም ብዙ አልደሰትም፣ መጀመሪያውኑ አልታመመምና። የሚቆጨኝ ለሊሴ በመኪናው መስኮት እጄን ይዛ ስትጠይቀኝ አለመናገሬ ነው። ያን ጊዜ እሷን ከክፉ እየጠበቅኋት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ደግሞ ምርመራ ነበረኝ። ወረቀቱ ሲሰጠኝ አላነበብኩትም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ወደ ግልገል በለስ ላክሁት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ እሷ አንብባ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።